ውሃ መጣች!

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ቤታችን ነው። ያው ቤትም የራሱ መንግሥት አለውና ጨዋታው መሃል ላይ ወደ ፖለቲካ ካዘነበለ አደራ አትቀየሙን።

የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ይህን ስንናገር መሃል ከተማ ያደጉ ጓደኞቻችን «መቼ ተፈታችሁ?» ማለት ይወዳሉ። «ቃሊቲ ወረደ» ማለት በአዲስ አበባ ልጅ አፍ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ፋብሪካውን፣ መናኸሪያውን፣ ጉምሩኩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን፣ ኮንዶሚኒየሙንና የጭቃ ቤቱን የያዘ አንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ በአንድ ማረሚያ ቤት ብቻ ሲታወስ ትንሽ ያበሽቃል። ግን ለምደነዋል። «በአመክሮ ነው የወጣነው» ብለን እንመልስና አብረን እንስቃለን።

ሰፈራችንን ማወቅ የፈለገ ሰው በቀን ሳይሆን በሌሊት ነው መምጣት ያለበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ብቻ ሲያጓሩ፣ ውሾቹም ጮኸው ሲደክማቸው፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ቧንቧ ማሳል ትጀምራለች። መጀመሪያ ኽኽኽ... ትላለች። ከዚያ ፍስስስ... ብላ አየር ታወጣለች። ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ውሃ ትተፋለች። ይሄኔ ከአንዱ ግቢ «ውሃ መጣች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን በጀሪካን ይሆናል። የቆርቆሮ በር ይንኳኳል፣ በርሜል ይንከባለላል፣ ጎማ ይጎተታል፣ «የኔን ባልዲ ማን ወሰደው?» የሚል ክርክር ይነሳል።

ልብ በሉ፣ ውሃ በኛ ሰፈር ሴት ናት። «መጣ» የሚላት የለም፣ «መጣች» ነው። ቀጠሮ ሰጥታ ትቀራለች፣ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሳትሰናበት ትሄዳለች እያልን እኛ ወንዶቹ እንቀልዳለን። ታናሽ እህታችን ይህን ቀልድ አትወደውም። ለምን እንደማትወደው ለረጅም ጊዜ አልገባንም ነበር።

ምክንያቱም ያ ሁሉ ግርግር ሲሆን እኛ ተኝተን ነበራ!

«እኛ» የምንለው የቤቱን ሁለት ወንዶች ልጆች ነው። ቤታችን ውስጥ አምስት ነን። አባባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እማዬ አለች። ታናሽ እህታችን አለች። ከዚያ እኛ ሁለታችን፣ ጺም ያወጣን፣ ደመወዝ የምናገኝ፣ ስለ ሀገር ዕድገት የምንጽፍ ወጣቶች።

ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት ትመጣለች እንበል (አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ምንም)። ያለን ዕቃ ሁለት በርሜልና ስምንት ጀሪካን ነው። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል፣ ጀሪካኑ 20። ሲደመር 560 ሊትር ይሆናል። ለሰባት ቀን ስናካፍለው በቀን 80፣ ለአምስት ሰው ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 16 ሊትር። አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥ፣ ለቡና፣ ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለገላ፣ ለመጸዳጃ... ሁሉም ከዚያችው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ኬፕታውን ውሃ ልታልቅባት ሆና ዓለም ሁሉ ጉድ ሲል፣ ለነዋሪዎቿ የተወሰነላቸው በቀን 50 ሊትር ነበር። የዚያን ጊዜ ዜናውን እያየን «ውይ ያሳዝናሉ!» ስንል እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ስንት ሊትር አላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ነገርናት። «ሁለት ጀሪካን ተኩል ለአንድ ሰው? በቀን?» አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

ሂሳቡ ግን እዚህ አያበቃም። ያችን 560 ሊትር ማን ይቀዳታል?

ውሃዋ ስትመጣ ቀጭን ናት። አንድ ጀሪካን ለመሙላት አምስት ደቂቃ ትፈጃለች። 560 ሊትር ማለት 28 ጀሪካን ነው። 28 በ5 ሲባዛ 140 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከሃያ። በየሳምንቱ አንድ ሌሊት ቢሆን በዓመት 121 ሰዓት ይሆናል። ይህ አምስት ሙሉ ቀንና አምስት ሙሉ ሌሊት ነው። እማዬ በየዓመቱ አምስት ቀንና ሌሊት ሙሉ፣ በነጠላ ተጠቅልላ፣ ቧንቧ ሥር ቆማለች። ከዚያ ስምንቱን ጀሪካን አንድ በአንድ ወደ ወጥ ቤት ታስገባለች። አንዱ 20 ኪሎ ነው። በነጋታው ጠዋት እኛ ተነስተን ፊታችንን እንታጠብና «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» እንላለን።

ይህን ስንጽፍ ማፈር ይገባናል፣ አፍረናልም። ግን ሁላችሁም ቤት ያለ ነገር ስለሚመስለን ነው የምንጽፈው።

«እንቅልፋም ስለሆንን ነው» እንዳንል ደግሞ አንድ ማስረጃ አለብን። በ2006 ዓ.ም. የብራዚል ዓለም ዋንጫ ጊዜ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚጀመሩ ጨዋታዎች ነበሩ። ማንም ሳይቀሰቅሰን ተነስተናል! ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስትቀጣትማ እኩለ ሌሊት አልፎም እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም፣ ሰፈሩን በጩኸት አናግተነዋል። እንግዲህ ለሌላ ሀገር ኳስ የሚነቃ ጆሮ ለገዛ ግቢው ቧንቧ ለምን ደነቆረ? መልሱ ቀላል ነው። ኳሱን ካልነቃን የሚያይልን የለም። ውሃውን ግን ባንነቃም የሚቀዳልን አለ።

ነገሩ የተቀየረው አንድ ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት ነው። እህታችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስባት ሳምንት ቀርቷታል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አጥንታ ገና ጋደም ከማለቷ ውሃ መጣች። እማዬ ልትቀሰቅሳት አልፈለገችም። እኛን ግን ልትቀሰቅሰን አላሰበችም! (በኋላ ጠይቀናት ነበር። «ሥራ ትገባላችሁ ብዬ» አለች። እሷ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ሥራ አልመሰላትም።) ብቻዋን ቀዳች። ሰባተኛውን ጀሪካን ስታስገባ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አዳለጣትና በእጇ ወደቀች። ድምፁን ሰምታ የወጣችው ያችው ባለ ፈተናዋ እህታችን ናት። እናቷን አስተኝታ፣ የቀረውን በርሜል ሞልታ፣ ሲነጋ ከጎረቤት ጋር ሆና ወጌሻ ጋ ወሰደቻት።

እኛ 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። እማዬ አንድ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ፣ በሌላው ቡና ትቆላለች። «ምን ሆንሽ?» አልናት። «ምንም፣ ውሃ መጥታ ነው» አለችን።

«ምንም፣ ውሃ መጥታ ነው።» ይህን መልስ እስካሁን አልረሳነውም።

አባባ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ያን ቀን ቁርሱን በላ፣ አንድ የፓስታ ካርቶን ቀደደ፣ እስክሪብቶ አምጡ አለ። ፋብሪካ እያለ ዕድሜውን ሙሉ በፈረቃ ነው የሠራው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ፈረቃ። ልጅ ሆነን አባባ ቤት ሲሆን ቀን ከሆነ «ሌሊት ገቢ ነው፣ አትንጫጩ» እንባል ነበር። ካርቶኑ ላይ ሠንጠረዥ አሰመረና አራት ስም ጻፈ። የመጀመሪያው የራሱ ነው። ቀጥሎ የኛ የሁለታችን፣ ከዚያ ከፈተና በኋላ የሚል ማስታወሻ አድርጎ የእህታችን። የእማዬ ስም የለም። «ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በአንድ ፈረቃ ብቻ የሚሠራ ሰው አይተን አናውቅም፣ ማሽንም እረፍት አለው» አለና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ስብሰባው ተጠናቀቀ።

መጀመሪያ ላይ የከበደን መንቃቱ አልነበረም። የከበደን እማዬ ናት! ቧንቧ ስታስል ከሁላችንም ቀድማ ትነሳለች። «ተወው ልጄ፣ አንተ ታፈሰዋለህ፣ ጎማውን አታውቅበትም» ትላለች። የተናገረችውም እውነት ነበር፣ አፍስሰናል። የመጀመሪያው ሌሊት ሻይ የመሰለውን ውሃ ሳናስወጣ በቀጥታ በርሜል ውስጥ ለቀቅነውና ሳምንቱን ሙሉ በደለል ታጠብን። የጎረቤት ሴቶችም «ዛሬ ደግሞ ወንዶቹ ወጡ እንዴ?» ብለው ተሳሳቁብን። አንዲት እናትማ «እናታችሁ ታመመች?» ብላ በሐዘኔታ ጠየቀችን። ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ከታየ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታሰብም።

ሌሊት ቧንቧ ሥር ሁለት ሰዓት ከሃያ ቆሞ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ሰው ያስባል። እኛም ስለ አቃቂ ማሰብና ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ነገር አስገረመን።

የአዲስ አበባን ሰው «ውሃ ከየት ነው የምትጠጣው?» ብትሉት ለገዳዲ ይላችኋል። ልክ ነው፣ ለገዳዲ፣ ገፈርሳና ድሬ አሉ። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከኛው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳበው ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ያ ቀይ ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ሰሜን ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ምድር እየሰረገ ቁልቁል ወደኛ ይመጣል፣ እንዲህ ያለው ድንጋይ ውስጥ ይጠራቀማል።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ውሃ ሲያስገባ ያመጣው ከእንጦጦ፣ ከላይ ነበር። የኛ ውሃ ግን ሽቅብ ነው የሚሄደው። ፓምፕ ይገፋዋል፣ ፓምፑን ደግሞ መብራት ይገፋዋል። መብራት ሲሄድ ውሃም የምትሄደው ለዚህ ነው።

ከተማው የተጠቀመበትስ ወዴት ይሄዳል? ቁልቁል፣ ወደኛ! ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን እድፍ ተሸክመው ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። የፍሳሽ ማጣሪያውም ያለው ቃሊቲ ነው። ንጹሑ ከኛ ይወጣል፣ የቆሸሸው ወደኛ ይመለሳል። በዚያ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ድሮ ለአዲስ አበባ መብራት የሰጠ ነው፤ ለዓመታት ቆሞ ከርሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋቱን ይዞ ተመለሰ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡርም በኛ በር ነው ያለፈው። ጨርቁ ከዚህ፣ ብረቱ ከዚህ፣ ፓስታና ብስኩቱ ከዚህ! እና «መቼ ተፈታችሁ?» እንባላለን።

አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ይህን ሁሉ በኩራት ለእህታችን ስንተነትንላት ዝም ብላ አዳመጠችን። ስንጨርስ «እና እማዬ አቃቂ ናት በሉኛ» አለች።

«እንዴት?»

«ንጹሕ ልብስ ከሷ ይወጣል፣ የቆሸሸው ወደሷ ይመለሳል። ሁሉንም ታጠጣለች፣ እሷ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ስሟ የሚነሳው ደግሞ አንድ ነገር ሲጎድል ነው።»

እኛ የምንለው አጣን። እማዬም «ምን ታወሪያለሽ አንቺ፣ ስኳሩን አቀብይ» ብላ ጨዋታውን ቀየረችው። ግን ጀበናውን ስታነሳ ፈገግ ስትል አይተናታል።

እንግዲህ የኛ ሐሳብ ይህች ናት፤ በየቤታችን አንዲት አቃቂ አለች።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ስንላቸው «ቆይ፣ ችግሩኮ የውሃ እጥረት ነው። ቧንቧው ሃያ አራት ሰዓት ቢፈስ ማን ቀዳ ማን አልቀዳ የሚል ጥያቄ ባልተነሳ ነበር። ትልቁን ጥያቄ ትታችሁ የወጥ ቤት ጸብ ታመጣላችሁ» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ወስኗል። በመብታችን መጠየቅ አለብን፣ እንጠይቃለንም። ነገር ግን እጥረት አንዴ የግቢውን በር ካለፈ በኋላ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ውሃ ስትጠፋ ከኛ የሚጎድለው ሻወር ነው። ከእማዬ የሚጎድለው እንቅልፍ ነው፣ ወገብ ነው፣ እጅ ነው። ከእህታችን የሚጎድለው ጥናት ነው። ይህ ደግሞ የኛ ሰፈር ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ ግቢያቸው ውስጥ ውሃ ከሌላቸው ከአሥር ቤቶች በሰባቱ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። እጥረቱን ያመጣነው እኛ ላንሆን እንችላለን። አከፋፈሉ ግን የኛ ነው። ለእሱ ደብዳቤ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት የለም።

ሌላው ክርክር ደግሞ «እናቶቻችን ራሳቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚሠሩት፣ እጃቸውን ይዛችሁ ልታስቆሟቸው ነው?» የሚል ነው። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬ አለን። እማዬ ከዚያ ፈረቃ ከተለጠፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድማን መነሳቷን አልተወችም። በአራተኛው ሳምንት ቧንቧ ሲያስል ሰምታ፣ የኛን ነጠላ ጫማ ድምፅ ሰምታ፣ ተገላብጣ ተኛች። ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ! በዕድሜያችን እማዬን ተኝታ ቀስቅሰናት አናውቅም ነበር። አባባ በሩ ላይ ቆሞ «ዝም በሉ፣ ሌሊት ገቢ ናት» አለን።

ደስ ብሏት ነበር ወይስ አማራጭ አጥታ? እናንተ ፍረዱ።

ጀግና ሆነናል እያልን አይደለም፣ አደራ! እስካሁን ተራችን ሲደርስ ወንድም በወንድሙ ላይ የሚሠራው ሻጥር ብዙ ነው። አንዱ የስልኩን ማንቂያ አጥፍቶ «አልሰማሁም» ይላል፣ አንዱ ልክ በተራው ሳምንት አሞኛል ይላል። አባባ ግን የፋብሪካ ሰው ነው፤ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ሁለት ፈረቃ ይገባል። ጥቅምም አግኝተንበታል። ውሃ የቀዳ ሰው ውሃ አያባክንም። ድሮ አንድ ጂንስ ለማጠብ ሁለት ጀሪካን የምንደፋ ሰዎች፣ አሁን የታጠብንበትን በሳፋ አጠራቅመን ለመጸዳጃ እናደርጋለን። ጎረቤቶቻችንንም ያወቅናቸው ቧንቧ ሥር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጎማ ይዞ ከሚንቀጠቀጥ ሰው ጋር የማይወራ ነገር የለም። ባለፈው ደግሞ ማዶ ካለው ግቢ ሁለት ጎረምሶች ጀሪካን ይዘው ብቅ ሲሉ አይተን ደነገጥንና «እናታችሁ ታመመች?» አልናቸው። «አይ፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች» አሉን። እኛም ደስ አለን።

እናንተስ? እናንተ ቤት ማን ነው የሚነቃው? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን የሚያወጣው ማን ነው? ሮቶ ያላችሁ እንኳ፣ ሮቶው መሙላቱን የሚያይ አንድ ሰው አለ። መብራት ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ እንጀራ የሚጋግረውስ? ስሙን ወይም ስሟን በልባችሁ ጻፉ። ከዚያ አንድ የፓስታ ካርቶን ፈልጉ።

ይቅርታ አድርጉልን፣ ልናሳጥረው ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቧንቧዋም ኽኽኽ... ማለት ጀምራለች። ፈረቃው የኛ ነው።

ቸር ሰንብቱ!